አንኮበርን ከአሊዩ አምባ አትለዩብን

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለአንኮበር ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ እስከ ቆላዋ የገበያ ከተማ እስከ አሊዩ አምባ የሚወርደው የጥንቱ የሲራራ ንግድ መንገድ ለጎብኚዎች የእግር ጉዞ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤

ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር ነው። ኑሮዬ አዲስ አበባ ከሆነ ቆይቷል፤ ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለንግሥ በዓልም ስመላለስ ግን አገሬን አልተለየሁም። ብዙ ጊዜም እንግዳ ይዤ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው። የአንኮበር ልጆች፣ አስጎብኚዎች፣ የታሪክ መምህራን፣ ታቦቷን ለመሳለም የሚመጡ ምእመናንም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

እንግዳ አንኮበርን እንዴት እንደሚያያት ታውቃላችሁ። በማለዳ ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ቁርሱን ይበላል፣ ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በውርጩ ሜዳ ላይ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ኮረብታው ሥር ሲደርስ ወርዶ ደረጃውን ይወጣል፤ ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈውን የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳውን ይበላል፣ ሳይመሽበት ይመለሳል። የምኒልክን ግንብ አየሁ ይላል። እውነቱን ነው፤ አይቷል። ያየው ግን የአንድ ረጅም መንገድ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ነው። አንኮበር የምትገባው ከዚያ ኮረብታ ወደ ታች ለሚወርድ ሰው ነው።

ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ምድሩ ከእግሩ ሥር ሲሰበር ያያል። ከኋላው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የገብስና የባቄላ ደጋ አለ። ከፊቱ ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደረበ የይፋት አገር ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከአዋሽ ወዲያ የአፋር በረሃ ነው፤ ከበረሃው ወዲያ በዛሬዋ ጅቡቲ ያለው የታጁራ ባሕር። የሸዋ ገዥዎች ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ጀምረው እዚህ ኮረብታ ላይ የከተሙት ለነፋሻ አየሩ ብለው አይደለም። ከባሕር የሚመጣ ሁሉ፣ ነጋዴም ቢሆን መልእክተኛም ቢሆን፣ በዚህ ገደል ጥግ ካልወጣ ሸዋ አይገባም ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ሲገዙ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መንገዱን በእጃቸው ይዘው ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ባሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ከሁሉም ላይ ቀረጥ ይነሣል። ያ ግድግዳ የቆመበት መንግሥት በዚህ መንገድ የከበረ መንግሥት ነው።

አሠራሩን ጎብኚ ቢሰማው ይገርመዋል ብዬ አምናለሁ። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ በረሃውን በሳምንታት ጉዞ አቋርጦ መጀመሪያ የሚደርሰው ፋሬ ነው። ፋሬ የሸዋ ኬላ ነበረች። ግመል እዚያ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት የበቅሎና የአህያ፣ የሸክመኛም ነው። ኬላውን የሚጠብቀው የይፋቱ ገዥ ወላስማ ሲሆን ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። የወላስማ ስም ከይፋት ሱልጣኖች ዘመን ጀምሮ የመጣ ስም ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበሩት ወላስማ መሐመድ የክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቅ በር ጠባቂ ነበሩ፤ የነገሥታት ዘር የሆኑ ወንዶች የሚታሰሩበት የጎንቾ አምባም በእርሳቸው እጅ ነበር። አስቡት፤ የሸዋ ንጉሥ የመንግሥቱን በርና የገዛ ወንድሞቹን እስር ቤት ለሙስሊም ባላባት አደራ ሰጥቶ ይተኛ ነበር። ይህ የሚነገረው ግድግዳው አጠገብ ተቁሞ ሳይሆን መንገዱ ላይ እየተሄደ፣ ጎንቾ ያለበትን አገር በጣት እያሳዩ ነው።

ከንጉሡ ፈቃድ ሳይመጣ ደግሞ አቀበቱን መውጣት አይቻልም። ስለዚህ የመጣው ሁሉ አሊዩ አምባ ይቆያል። አሊዩ አምባ በአንድ በኩል የንግድ ከተማ፣ በሌላ በኩል የመጠበቂያ ቦታ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ የሐረሩ ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። ትልቁ ገበያ ዓርብ ይውል ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠራል፣ የማርያ ትሬዛ ብር ይመነዘራል፣ ከላይ የወረደው እህልና የበግ ጠጉር ከታች በመጣው ጥጥና ጨው ይለወጣል። ደገኛውና ቆለኛው እየተፈላለጉ የሚኖሩበት ሥርዓት ዛሬም በገበያ ቀን ይታያል። አንኮበር ላይ ጋቢ የደረበ ሰው አሊዩ አምባ ሲደርስ ጋቢውን በትከሻው ይጥላል፤ ገብሱ ወደ ማሽላ፣ ጽዱ ወደ ግራር ይለወጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቀርቶ አዛን ይሰማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ነው። በአገራችን እንዲህ በአጭር ቁልቁለት ላይ አየሩም፣ እርሻውም፣ እምነቱም፣ የቤቱ አሠራርም አብሮ የሚለወጥበት ቦታ ብዙ የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያንን የእግር መንገድ ክፈቱልን። አዲስ መንገድ ሥሩ ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ አለ፤ ገበያተኛ ዛሬም ይሄድበታል። የሚያስፈልገው በድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክት፣ በየማረፊያው በአማርኛ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ፣ የተጠረገ ምንጭ፣ ጎርፍ የናደውን ቦታ የሚጠግን የቀበሌ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንኮበርም ከአሊዩ አምባም የተመረጡ፣ ታሪኩን የተማሩ ወጣት አስጎብኚዎች። ከአንዱ ብቻ ከሆነ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። የአንኮበሩ ልጅ ስለ ነገሥታቱ ይነግራል፤ ወላስማን፣ የሲራራውን ሥርዓት፣ የአርጎባን ሽማና ቤት፣ መስጊዱን የሚነግረው ግን የአሊዩ አምባው ልጅ ነው። በዚያ አካባቢ ያሉ አርጎቦች አብዛኞቹ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ትተው አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ አረጋውያኑ የሚያስታውሱትን የሚሰበስብ ሰው ዛሬ ካልተገኘ ነገ አይገኝም። አስጎብኚ ለማሠልጠን የሚደረገው ዝግጅት ይህንንም ሊያተርፍ ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በዚህ መንገድ ሰው ተሽጧል። ከአሊዩ አምባ አጠገብ የነበረችው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ነበረች፤ ከደቡብና ከምዕራብ አገር ተማርከው የመጡ ልጆችና ሴቶች ከዚያ ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። ስለ አንኮበር ክብር የምንጽፈው ሰሌዳ ይህንን ከዘለለ አገሩን በትክክል አልተናገርንም። በአብዱል ረሱል አንድ ድንጋይ ይቁም፤ የሆነውን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጽ። ከወላይታም፣ ከጅማም፣ ከከፋም የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የእርሱም ወገን በዚህ መንገድ እንዳለፈ ሲያነብብ አንኮበር የእርሱም ታሪክ ቦታ መሆኗን ያውቃል።

መንገዱን የወጡት የውጭ ሰዎች ታሪክ ሌላ ሀብት ነው። ጀርመናውያኑ ሚስዮናውያን ክራፍና ኢዘንበርግ በ1839 አንኮበር ገቡ። ኢዘንበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ አሳተመ፤ ክራፍ ደግሞ ኦሮምኛ ማጥናት የጀመረው በሸዋ ሳለ ነው። በዚያው በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪስ ስጦታ ጭኖ በዚሁ አቀበት ወጣ፤ በኅዳር ወርም የንጉሡ ሌላ መቀመጫ በነበረችው በአንጎለላ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም መጥቶ ለአገሩ ውል አስፈርሟል። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ የጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ወደ ሐረር ዘምተው ነበርና። ተከትሎ እንጦጦ ድረስ ሄደ። የራምቦን ዱካ ለማየት ሐረር የሚሄድ ፈረንሳዊ ጎብኚ ብዙ ነው። አንኮበርንም እንደረገጠ ማን ይንገረው?

ስለ አፄ ምኒልክ ረዘም አድርጌ አልጽፍም፤ የሚያውቀው ሕዝብ ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1855 ሲሞቱ ልጅ ምኒልክ በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1865 አምልጠው ሸዋ ሲገቡ የአያቶቻቸው መናገሻ ይህችው አንኮበር ነበረች። አልጋቸውን ያጸኑትም፣ ከአውሮፓ ጋር መጻጻፍ የጀመሩትም ከዚህና ከሌላዋ መቀመጫቸው ከልቼ ሆነው ነው። አድዋን የሚያከብር ትውልድ ይህንን ኮረብታ ቢጎበኝ ያስተውለዋል።

ከአንኮበር ጥቂት ወረድ ብሎ ያለው ልጥ ማረፊያ ከተረሱት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ቦታ ነው። የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1876 የላከው ቡድን መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከምኒልክ መሬት ተሰጥቶት ጣቢያ ያቆመው እዚያ ነው። አንቲኖሪ ሽማግሌ ነበር፤ ሥራው ወፍና አራዊት መሰብሰብና መመዝገብ ነበር። በ1882 በዚያው ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ራጋዚና ትራቨርሲ የተባሉ ሐኪሞች ጣቢያውን ይዘው ቆይተዋል። ያ ጣቢያ ለሳይንስ የተሠራ ሆኖ ሳለ ለኢጣሊያ ፖለቲካም መግቢያ ሆኗል፤ ውጫሌና አድዋ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ሁለቱንም ወገን በአንድ ሰሌዳ መጻፍ ይቻላል።

ወፍ ካነሣሁ አይቀር፣ አንቲኖሪ ለስድስት ዓመት ወፍ ሲያጠና በኖረበት በዚህ ገደል አንዲት ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የምታህል ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 ነው፤ እርሱ ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር። በ1979 በይፋ ስትመዘገብ የተሰጣት ስም የአንኮበር ስም ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለችም። ወፍ ለማየት ብለው ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች እርስዋን ፍለጋ በገደሉ አፋፍ ላይ ብርድ ሲመታቸው ይውላሉ፤ የአካባቢው እረኛ ግን ብዙ ጊዜ ምን እንደሚፈልጉ አያውቅም። እረኛው ከማንም በፊት ሊያውቃት ይገባል። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕሏ ቢለጠፍ፣ እንግዳውን የሚመራው ልጅ ክፍያ ቢያገኝ፣ ገደሉን የሚጠብቀው ራሱ ሕዝቡ ይሆናል። በሰሜን በኩል ያለው የወፍ ዋሻ ደንም እንዲሁ ነው። ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው አሁንም አለ፤ ጭላዳው በአፋፉ ላይ ይግጣል። ደኑን ከማገዶ ለማዳን ከተፈለገ ከደኑ ገቢ የሚያገኝ ጎረቤት ያስፈልጋል።

አንኮበር እንዴት ትንሽ ከተማ ሆነች ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ብዙ ነው፤ መልሱም ራሱ የሚጎበኝ ነው። መጀመሪያ መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1886 ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሄደ። ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። በ1879 አንኮበር ድረስ መጥቶ የምኒልክን ቤት ያገለገለው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው፤ የባቡሩ ሐዲድ ግን በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የታጁራና የአንኮበር ሲራራ አበቃለት። ኢጣሊያኖች ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ ደግሞ በጣርማ በር ዋሻ በኩል አሳለፉት። በየጊዜው መንገዱ ሌላ ቦታ እየሄደ ከተማዋ በነበረችበት ቀረች። ይህ ያለፈባት በደል የተወላት ነገርም አለ፤ ያረጁት የእግር መንገዶች በአስፋልት አልተሸፈኑም፣ ኮረብታውን ፎቅ አልሞላውም፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ሚካኤልንና መድኃኔዓለምን የከበቧቸው ዛፎች አሁንም ቆመዋል።

ስለዚህ ግድግዳውን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። በታሪክ ቦታ ላይ አዲስ ነገር የመሥራት ፍላጎት በየቦታው እያየን ነው። በአካባቢው በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራው ሎጅ ለእንግዳ ማደሪያ ሰጥቶናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። የተረፈው ግድግዳ ግን እንደተረፈ ይቆይ። አይለሰን፣ አይቀባ፣ በሲሚንቶ አይደገፍ። በኖራ ሥራ የሚያውቅ የቅርስ ባለሙያ ይየው፤ ዝናብ የሚገባበት ይደፈን፤ ሰው እንዳይወጣበት ዙሪያው ይከለል። ሕንፃው ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ከተፈለገ በሥዕል ማሳየት ይቻላል።

ስለ ማደር ልጨምር። ጎብኚ ካላደረ ለከተማዋ የሚተርፋት የምሳ ዋጋ ብቻ ነው። ካደረ ግን ማታ የገብስ ጠላ ይቀርብለታል፣ ጠዋት በሶና ቆሎ ይቋጠርለታል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ጋ ይሄዳል። በነጋታው ቁልቁለቱን ወርዶ አሊዩ አምባ ላይ ምሳውን ከበላ በሁለቱም ከተማ ገንዘብ ጥሏል ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ ለዘመናት በሥራቸው ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ነገሥታቱን ያስታጠቁት ግን እጆቻቸው ናቸው፤ ማረሻውም ጦሩም ከእነርሱ ምድጃ ወጥቷል። የእግር ጉዞው ደጃፋቸውን እንዲያልፍ አድርጉ፤ ሲሠሩ ለማየትም ክፍያው ለእነርሱ ይድረስ።

የጸጥታውን ነገር አልረሳሁም። በአሁኑ ጊዜ በሰሜን ሸዋ እንደ ልብ መንቀሳቀስ እንዳልተቻለ፣ እንግዳም እንደ ቀረ አውቃለሁ፤ ዘመዶቼ እዚያ ናቸው። ሰው በሰላም ውሎ መግባት ባልቻለበት ስለ ጎብኚ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ዝግጅቱ የዚህ ጊዜ ሥራ ነው እላለሁ። የአረጋውያንን ቃል መቅዳት፣ መንገዱን በካርታ ላይ ማስፈር፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ ከታሪክ ባለሙያ ጋር ማዘጋጀት፣ ከየትምህርት ቤቱ ልጆችን መምረጥ ገንዘብም ሆነ ብዙ እንግዳ አይጠይቅም። ከዩኒቨርሲቲዎች የታሪክና የቅርስ ክፍሎች ጋር መነጋገርም ይቻላል፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው።

ጽሑፎቹ መጀመሪያ በአማርኛ ይሁኑ የምለውም ምክንያት አለኝ። እንግዳችን የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። በአውቶቡስ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ ለንግሥ የሚመጣ ምእመን፣ ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት፣ ሁሉም በገዛ ቋንቋው ያንብብ። የውጭውም ቋንቋ ከሥሩ ይጻፍ።

በመጨረሻም፣ ይህንን ሥራ ለመጀመር ፈቃዳችሁ ከሆነ በአዲስ አበባ የምንገኝ የአንኮበር ተወላጆችን ጥሩን። መንገዱን በእግራችን የምናውቅ አለን፤ የአባቶቻችንን ፎቶግራፍና ወረቀት በየቤታችን ያስቀመጥን አለን፤ በገንዘብም በጉልበትም የምንረዳ አንጠፋም። መጀመሪያ ልንሠራው የምንችለው ከኮረብታው እስከ አሊዩ አምባ ያለውን መንገድ ከሁለቱም ከተማ ሽማግሌዎች ጋር አብሮ መሄድና እያንዳንዱን ማረፊያ በስሙ መመዝገብ ነው። ቀኑን እናንተ ቁረጡልን፤ እኛ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የአንኮበር ተወላጅ